ሦስት ሃይላንድ ሙሉ ምስክር

እናንተዬ፣ እስቲ ቀረብ በሉ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ኮሮላና ከራዲያተሯ ስለ ተቀዳው ፈሳሽ ነው። ነገሩ የጀመረው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። አንድ መምህር ባለቤቱንና ልጆቹን በኮሮላዋ ይዞ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ተሻገረና ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ተያያዘው። ያንን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። ታች ወበቁ ፊት ይጋረፋል፤ ከድልድዩ እስከ አፋፉ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ከፊት ጭነት የከበደው የጭነት መኪና ይጎተታል፤ መቅደሚያ የለም። ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ፣ በቂ ነፋስ ሳያገኝ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። መምህሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ኮፈኑን ከፈተ፤ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲልክ ባለቤቱ ክንዱን ያዘችው። «ይቀዝቅዝ እንጂ! ፊትህን ልታቃጥል ነው?» አለችው። እግዜር ይስጣት። የጋለ ራዲያተር ውሃ ታፍኖ የተቀመጠው በግፊት ነው፤ ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ባንዴ ይለቅቃል፣ ውሃውም ያን ጊዜውኑ ፈልቶ ሽቅብ ይተፋል። በዚህ ዓይነት ፊታቸው የተላጠ ሰዎች አሉ።

ጠበቁ። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ተከፈተ። ውስጡ ያለው ውሃም አይመስል፣ ኩላንትም አይመስል፤ ወፈር ያለ፣ ቡናማ፣ አናቱ ላይ አረፋ የያዘ ነገር ነው። የመጠኑም መጉደል ይታያል። መምህሩ ከቢጫ ጀሪካን የጅረት ውሃ ሞላበትና እያረፈ እያዘገመ አፋፉን ወጣ። ደጋው ላይ ካገኙት መንደር አንድ መካኒክ መጥቶ ጣቱን ነከረ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ማኪያቶ ሆኗል። የቴስታ ጋስኬት ሄዷል፤ ሞተሩ ይወርዳል።»

ይህን ቃል ሰምቶ ያላዘነ ባለመኪና የለም። ሞተር ማውረድ ማለት የወራት ደመወዝ ማለት ነው፣ በተለይ ለመምህር።

በዚያ መካኒክ አልፈርድበትም። የተናገረው ብዙ ጊዜ እውነት የሚሆን ነገር ነው። የሞተር ዘይትና የራዲያተር ውሃ በሞተሩ ውስጥ ጎን ለጎን በየራሳቸው ቦይ ይሄዳሉ፤ በሲሊንደሩ ብሎክና በቴስታው መካከል የሚለያያቸው ጋስኬት ነው። እሱ ሲቃጠል ወይም ቴስታው ሲጣመም ቦዮቹ ይገናኛሉ፤ የውሃው ፓምፕ ዘይቱንና ውሃውን እየናጠ ያዋህዳቸዋል፤ የሚወጣውም መልኩ እንደ ማኪያቶ ነው። መካኒኩ ያየው መልክ ልክ ነበር። ያላየው መልኩን ስንት ፈሳሽ ተባብሮ እንደ ሠራው ነው።

መኪናዋ በተጎታች ተጭና አዲስ አበባ ገባች፤ ማታውን አንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ አደረች። በማግስቱ የጋራዡ ባለቤት መጣ፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ያለው ነገር «ማንም ቁልፍ እንዳይነካ» ነው። ሞተር ከተነሳ ፓምፑ ይዞራል፤ ፓምፑ ከዞረ ሌሊቱን የተለያየው ሁሉ እንደገና ይናጣል።

ተለማማጁ ልጅ ሳፋ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል። ጋሼ ጠራው።

«ሳፋውን ተወው። ሄደህ ሦስት ባዶ ሃይላንድ አምጣ። ንጹሕ ይሁኑ፤ ውሃ እንዳይኖርባቸው ደግሞ አድርቃቸው።»

«ለምን ጋሼ? የሚደፋ ነገር አይደለም እንዴ?»

«የሚደፋውማ ካየነው በኋላ ነው። ሳፋ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይዘረጋል፤ ማን ላይ ማን ታች እንደሆነ አታይም። ሃይላንድ ግን እስከ ታች ያሳያል።»

እዚህ ላይ ልቁምና አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የራዲያተር መክፈቻ ያለው ከግርጌ ነው። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ኩላንት ደግሞ ከተራ ውሃም ይከብዳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ካደረ፣ ግርጌውን ስትከፍቱ ቀድሞ የሚወርደው ከባዱ ነው፤ ንጹሕ ሊመስልም ይችላል። ዘይቱ አናት ላይ ሰፍፎ ይቆይና መጨረሻ ይወርዳል፤ ከፊሉም በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የመጀመሪያውን ጣሳ አይቶ «ደህና ነው» ያለ ሰው ዘይቱን ሳያይ ፈረደ ማለት ነው። ጋሼ ሦስት ሃይላንድ ያስመጣው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለመጀመሪያው፣ አንዱ ለመካከሉ፣ አንዱ ለመጨረሻው።

ቀዱ። የመጀመሪያው ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ከሥሩ ዝገት የያዘ ነበር። የመካከሉ ደፈረሰ። የመጨረሻው ወፍራም ሆኖ ከመክፈቻው እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ቡናማም ሮዝም ነው፤ ቁርጥ ያለ ስም የለውም። ጋሼ ሦስቱንም ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆማቸው፤ ሙቀት የተናጠ ዘይትና ውሃ ቶሎ እንዲለያይ ይረዳል። «ሻይ ጠጡ» አለ። መምህሩ ሻይ የሚጠጣበት ልብ አልነበረውም፤ ግን ተቀመጠ።

ሲመለሱ ሦስተኛው ሃይላንድ ተደራርቧል። ከሥር ጥሩ አሸዋ የመሰለ የዝገት ዝቃጭ፤ ከሱ በላይ በጅረት ውሃ የቀጠነ ቀይ ኩላንት፤ ከዚያ ወፍራም ሮዝ አረፋ፤ አናቱ ላይ ደግሞ ጣት የማይሞላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ዘይት።

«ቡናማው የት ሄደ?» አለ መምህሩ።

«ቡናማ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም» አለ ጋሼ። «ዝገቱና ሮዙ ተናጥተው ነው ቡናማ የመሰሉት። ዝገቱ ሰጠመ፤ ሮዙ ተንሳፈፈ። የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ እዚህ አናቱ ላይ የምናየው ጥቁር ወይም ጠይም ነበር። ያንተ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ቆይቷል።»

«እንግዲያው ጥቁር ነው። ይኸኛው ቀይ ነው።»

ወጣት መካኒኮች ይህን እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ምክንያቱም በኩላንትም በካምቢዮ ዘይትም ውስጥ ያለው ቀለም ፋብሪካ የጨመረው ማቅለሚያ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል አውቶማቲክ ካምቢዮ ካቀረበ ወዲህ ቴክኖሎጂው ሲስፋፋ፣ የካምቢዮው ዘይት ከሞተር ዘይት እንዲለይ ቀይ መቀባት ልማድ ሆነ። የኩላንት ቀለም ግን ሁሉን የሚገዛ አንድ ሕግ የለውም፤ አንዱ አምራች አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካናማ። ቶዮታ ለረጅም ዓመታት ቀይ፣ በኋላም ሮዝ ተጠቅሟል። ስለዚህ አንድ አውቶማቲክ ቶዮታ ሥር ቀይ ፈሳሽ ስታዩ ኩላንትም ሊሆን ይችላል፣ የካምቢዮ ዘይትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ አንዱ ሰው አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ኩላንት እየጨመረ ያቀላቀለው ራዲያተር ጠብታ ዘይት ሳይነካው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ቅመማቸው ካልተስማማም እንደ ሙጫ ይረጋል። እንዲህ ዓይነቱን አይቶ ቴስታ ማውረድ ግፍ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ጋሼ ነጭ ወረቀት አስመጣ። ከመካከለኛው ድርብርብ አንድ ጠብታ፣ ከአናቱ አንድ ጠብታ አኖረ። የመጀመሪያው በወረቀቱ ላይ ፈጥኖ ተሰራጨ፤ ፀሐይ ሲነካው ውሃው ተነነና ግላይኮሉ ተለጥፎ ቀረ። ሁለተኛው ቀስ እያለ ሰፋ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ነጠብጣቡ ብርሃን ያሳልፋል፣ አልደረቀምም። ቀጥሎ ጓንት ባጠለቀ እጁ ከሁለቱም እየወሰደ በጣቶቹ መካከል አሸው። አንዱ ውሃ ሲያፈሱበት ታጥቦ ሄደ። ሌላው ውሃውን እንክብል እንክብል አድርጎ አባረረው። ሽታቸውም ለየቅል ነው፤ ኩላንት ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ የነዳጅ ዘመድ መሆኑ ያስታውቃል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ጣቱን ወደ ምላሱ ሰደደ። ጋሼ እጁን ያዘው፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ሲነሳ ያን ጊዜ ብቻ ሰማን።

«አንተ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ጣፋጭ ከሆነ ኩላንት ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።»

አዎ፣ ጣፋጭ ነው። ክፋቱም ይኸው ጣፋጭነቱ ነው። ኩላንት በብዛት የሚሠራው ከኤቲሊን ግላይኮል ነው። ወደ ሰውነት ሲገባ ጉበት ይሰባብረዋል፤ ከስብርባሪው አንዱ ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ኩላሊት ውስጥ እንደ ጥቃቅን ክሪስታል ይረጋና ኩላሊቱን ያቆመዋል። ለትልቅ ሰው እንኳ አንድ ሲኒ ያህል ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃንማ ጉንጭ አይሞላም። የቅርብ ዘመዱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ በሽሮፕ መድኃኒት ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ አገሪቱ በማግስቱ ዓመት መድኃኒት ሳይመረመር እንዳይሸጥ ሕግ ያወጣችው በዚያ ሰበብ ነው። ሩቅ ዘመን አትበሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሳል ሽሮፖቹ ውስጥ እነዚሁ ሁለት ግላይኮሎች መገኘታቸውን አስጠነቀቀ። እንግዲህ ይህ ነገር በየጋራዡ ደጅ ወደ ቦይ ይደፋል። ውሻ ይልሰዋል። በሃይላንድ ተሞልቶ ጥግ ሲቀመጥ ደግሞ የተጠማ ልጅ ቀዩን ፈሳሽ ጭማቂ ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ጋሼ ይህን ለልጁ ነገረውና በሦስቱም ጠርሙሶች ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም «መርዝ» ብሎ ጻፈ፤ ክዳናቸውን አጠበቀ፤ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው። በስሕተት የጠጣ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ቶሎ ከተደረሰ ማርከሻ አለው፤ ከዘገየ ኩላሊቱ አይጠብቅም።

ወደ መኪናዋ እንመለስ። ቀይ ዘይት ራዲያተር ውስጥ ገብቷል። ከየት? የመሪው ዘይትም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ነገር ግን ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚገናኝበት በር የለውም። መኪናዋ ማንዋል ብትሆን ኖሮ የካምቢዮ ዘይቷም እዚያ የሚደርስበት መንገድ ባልነበረ። አውቶማቲክ ግን ሌላ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲሠራ ይግላል፤ እንዲቀዘቅዝ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ይሄድና በራዲያተሩ ጋን ውስጥ በተቀበረ ማቀዝቀዣ ያልፋል። ዙሪያውን ኩላንት፣ ውስጡን ዘይት፤ በመካከላቸው ስስ ብረት ብቻ። ያ ብረት በዝገት ሲበሳ ወይም ብየዳው ሲሰነጠቅ፣ ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ሁለቱ ይገናኛሉ።

«ሞተሩ ሲሠራ» አለ ጋሼ፣ «የካምቢዮው ዘይት ግፊት ከውሃው ይበልጣል፤ ስለዚህ ዘይት ወደ ውሃ ይገባል። ቁልፍ ስታጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፤ የራዲያተሩ ግን ክዳኑ ስለያዘው ጥቂት ይቆያል። ያን ጊዜ ተራው የውሃው ነው፤ ወደ ካምቢዮ ይገባል።»

የመምህሩ ባለቤት ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ሰሞኑን እኮ ከቆመች በኋላ ስትነሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ማርሽ ስትቀይር ደግሞ ትዘገያለች። ነግሬው ነበር።»

ጋሼ ለሷ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነገሯን ተቀበለ። የባለመኪና ወሬ፣ በተለይ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ወሬ፣ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል፤ ጥሩ መካኒክ ይህን ይጠይቃል። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ሳበ። ንጹሕ ቀይ መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኖ ደፍርሷል። ከሱ ጠብታ ወስዶ በጋለ ብረት ላይ ጣለ። ንጹሕ ዘይት ይጨሳል እንጂ አይጮኽም፤ ይህኛው ተንጫጫ፣ ረጨ። ውሃ አለበት። የሞተሩን ዘንግ ሳበ፤ ጥቁር ነው፣ ያረጀ ነው፣ ግን ውሃ አልነካውም። የሞተሩን የዘይት ክዳን ገልብጦ ከሥሩ ስስ ነጭ እርጥበት ሲያይ ልጁ «ይኸው ውሃ!» አለ። ጋሼ ጠረገው። በክረምት አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበት ክዳኑ ሥር ይረጋል፤ በሱ ብቻ ሞተር አይፈረድበትም።

ፍርዱን ያጸናው ግን አየር ነው። ራዲያተሩን አወረዱ፤ የካምቢዮውን ማቀዝቀዣ አንዱን አፍ ደፈኑ፤ በሌላው ቀስ እያሉ አየር ነፉ፤ ራዲያተሩን ውሃ ሞልተው አናቱን አዩ። አረፋ በአረፋ ሆነ። ማቀዝቀዣው ተበስቷል።

ይህ ችግር የአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ2005 እስከ 2010 ሞዴል በሆኑ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር መኪኖች ላይ ይኸው የራዲያተር ማቀዝቀዣ መበሳት የብዙዎችን ካምቢዮ አበላሽቶ ባለቤቶቹ በኅብረት ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ኩባንያውም የዋስትናውን ዘመን አራዝሟል። የጉዳቱ ምክንያት ቀላል ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ወረቀት መሰል ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ የተያያዘው በሙጫ ነው። ውሃና ግላይኮል ሲያገኘው ያብጣል፣ ይላላል፣ ይላጣል። ጋሼ ቁልፍ እንዳይነካ ማለቱ ለዚህም ጠቅሟል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ካምቢዮውን ይበላል። መምህሩ ሽቅብ የወጣው ያ ዳገት የሞተሩን ሳይሆን የካምቢዮውን ዕድሜ ነው የወሰደው።

ራዲያተሩ በአዲስ ተተካ። የቀድሞውን ላጥበው ቢባል የማይቻል ነገር ነው፤ ተበስቷላ። የሞተሩ ቦዮች በማያረፋ ማጠቢያ ደጋግመው ታጠቡ፤ ራዲያተር ሲቀዳ ከፈሳሹ ብዙው ሞተሩ ውስጥ እንደሚቀር አትርሱ። ዘይት የነካቸው የውሃ ጎማዎች አብጠው ስለ ነበር ተቀየሩ። የካምቢዮው ዘይት ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ከሥር ሲከፈት የሚወርደው ከጠቅላላው ከፊሉ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ቀድተው ሞሉ፤ ጥቂት አስነድተው ደግመው ቀዱ፤ በየጊዜው አንድ ሃይላንድ ለምስክር እየያዙ።

ልጁ ራዲያተሩን ከቧንቧ ውሃ ሊሞላ ጎማ ሲጎትት ጋሼ እንደገና አስቆመው። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ያረጀና ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ በመከፈቻውና በመፍያው መካከል የቀረው ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ደህና ክዳን 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ ግን መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። «እዚህ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኩላንት መፍያውን ያርቃል፤ ዝገትንም ይከለክላል። ያ ሃይላንድ ሥር የተኛው ዝገት፣ ያንን ማቀዝቀዣ የበላው ዝገት፣ ለዓመታት የተጨመረ ባዶ ውሃ ሥራ ነው። ጋሼ የተጣራ ውሃና አንድ ዓይነት ኩላንት እኩል በእኩል ለክቶ አስሞላ፤ አዲስ ክዳን አዘጋጀ፤ የኩላንቱን ዓይነትና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ከኮፈኑ ሥር ለጠፈ፣ ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ሌላ እንዳይቀላቅልበት።

ያን ጊዜ ሞተሩ ተነሣ። ጋሼ ክዳኑን ሳይገጥም የራዲያተሩን አፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። የቴስታ ጋስኬት ተቃጥሎ ቢሆን የሲሊንደሩ ጋዝ አረፋ እያደረገ ሳያቋርጥ ይወጣ ነበር። የታፈነው አየር ከወጣ በኋላ አረፋው ቆመ።

«ጋሼ፣ ካምቢዮውስ?» አለ መምህሩ።

«ለሱ ማረጋገጫ አልሰጥህም መምህር። ፍሪሲዮኑ ምን ያህል ውሃ እንደ ጠጣ ሳይፈታ አይታይም። ሂድ፣ ንዳት፤ ማርሽ ስትቀይር ከተንቀጠቀጠች ወይም ከዘገየች ሳትውል አምጣት። ባትንቀጠቀጥም ዘይቱን ለማየት አምጣት።»

አመጣት። ሦስተኛው ቅያሪ ላይ ከካምቢዮዋ የተቀዳው ዘይት በሃይላንዱ ውስጥ አድሮ ጠዋት ታየ፤ ከአፉ እስከ ግርጌው አንድ ዓይነት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ነበር። ጋሼ ለልጁ ሰጠውና ወረቀቱንም የጋለውን ብረትም ራሱ እንዲሞክር አደረገ። ብረቱ ላይ ጨሰ፣ አልተንጫጫም። መምህሩ ሒሳቡን ከፈለና በዚያው ሳምንት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ።